ሦስተኛው ዘፈን

አክስቴ እታለም ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራት አንዲት ግጥም ነበረች።

ማሽላው እሸቱ በሰው ማሳ አፍርቶ፣
ያሳደገው በላው፣ የዘራው ተረስቶ።

ጉለሌ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በርጩማዋን ፀሐይ ላይ አውጥታ ትቀመጣለች። እንዝርቷን ታሾራለች። ትንሽ ቆይታ ያቺን ግጥም ቀስ ብላ ትጀምራታለች። ከወሎ፣ ከሐይቅ ነው የመጣችው። እዚያ የቀረ መሬት ይኖራታል፣ ዘመድ ቀምቷት ይሆናል ብለን እናስብ ነበር። አባቴም "የመሬቷ ነገር ዛሬም ያንገበግባታል" ይል ነበር። ጠይቋት የሚያውቅ ግን አልነበረም። እኛ ልጆቹማ ከመልመዳችን የተነሳ መስማቱንም ትተነው ነበር።

ወደ እታለም እመለሳለሁ። ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ካናዳዊቷ ዘፋኝ ስለ ጆኒ ሚቸል ነው፤ በ1971 ስላወጣችው "ብሉ" ስለሚባለው አልበሟ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ አልበም ነው። ስለ እሱ የሚባለውን አብዛኛውን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚያው አንድ ነገር ነው።

"ብሉ"ን ያገኘሁት በ2003 መጨረሻ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። ያኔ ምድር ቤት ባለ የመኪና ማቆሚያ ማታ ማታ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የምቀመጥባት የመስታወት ክፍል አንድ ሰው ተቀምጦ እግሩን መዘርጋት የማይችልባት ናት። ከእግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ከጎኔ ትንሽ ሲዲ ማጫወቻ ነበረችኝ። ሲዲዎቹን የምገዛው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው፤ አንዱ በአንድ ዶላር። ይሄኛውን የመረጥኩት በሽፋኑ ነው። የአንዲት ሴት ፊት ብቻ ነው ያለው። ዓይኗን የከደነች ትመስላለች። ፊቷም ዙሪያውም ሰማያዊ ነው።

የነበረበት መደርደሪያ ላይ "ሮክ" ይላል። ሮክ ሲባል እኔ የማውቀው ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ወንዶችን፣ የሚጮህ ጊታርን፣ የሚደበደብ ድራምን ነው። እዚህ አልበም ላይ ካሉት አሥር ዘፈኖች ድራም ያለባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። በነሱም ላይ ቢሆን ለስለስ ብሎ ነው የሚመታው። የቀረው ድምጿ፣ ጊታር፣ ፒያኖና ዳልሲመር ነው። ዳልሲመር ጭን ላይ አስተኝተው የሚጫወቱት የክር መሣሪያ ነው፤ የአሜሪካ የተራራ አገር ሰዎች መሣሪያ። አራቱን ዘፈኖች በእሱ ነው የተጫወተቻቸው።

እንግሊዝኛዬ ያኔ ለሥራ ይበቃል፤ ለግጥም አይበቃም። ስለዚህ ለወራት የሰማሁት ዜማውን ነው። መጀመሪያ የያዘኝ "ሪቨር" ነው። ፒያኖው በ"ጂንግል ቤልስ" ይጀምራል፣ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በየሱቁ በምንሰማው ዜማ። ወዲያው ግን ከሥሩ ያሉት ድምፆች ይቀየሩና ያ የደስታ ዜማ ሆድ የሚያባባ ነገር ይሆናል። ገና እየመጣ ነው፣ ዛፍ እየቆረጡ ነው፣ እኔ ግን በበረዶው ላይ ተንሸራትቼ ከዚህ የምሄድበት ወንዝ ባገኘሁ ትላለች። የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ዕለት ማቆሚያው ባዶውን ነበር። የኔ ገና ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ዘፈኑን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላስታውስም።

ጆኒ የተወለደችው በ1943 ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ነው። ያደገችው ሳስካቹዋን፣ እህል በሚበቅልበት ሜዳ አገር ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ፖሊዮ ያዛት። ዳነች፤ ግራ እጇ ግን ደከመ። ጊታር ስትጀምር ሌላው ሰው የሚይዛቸውን ኮርዶች፣ አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ እንደልቧ መያዝ አልቻለችም። ጣቶቿ አልታዘዝ ሲሏት ጊታሩን ለጣቶቿ አስተካከለችው። ክሮቹን እያላላችና እያጠበቀች የራሷን ቅኝት ታወጣ ጀመር። በዕድሜዋ ከሃምሳ በላይ ቅኝት ፈጥራለች።

ይሄ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክራሩን እንደገና ይቃኛል። ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ሲያጠብቅና ሲያላላ ሁላችንም አይተናል። አብዛኛው ጊታር ተጫዋች ግን አንዴ የለመደውን ቅኝት ይዞ ነው ዕድሜውን የሚገፋው። ጆኒ ኮርዶቿን የጥያቄ ኮርዶች ትላቸዋለች። እውነትም መልስ ላይ አያርፉም። አንድ ሰው ከባድ ነገር ጠይቆህ ዓይን ዓይንህን እያየ ዝም ሲል ያለው ስሜት አላቸው።

አልበሙ የተቀዳው በ1971 መጀመሪያ፣ ሆሊውድ፣ ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ነው። ግቢው ድሮ የቻርሊ ቻፕሊን የፊልም ስቱዲዮ ነበር። በዚያው ሰሞን በዚያው ግቢ ሌላ ክፍል ውስጥ ካሮል ኪንግ "ታፔስትሪ"ን ትቀዳ ነበር። ጄምስ ቴይለር ጊታሩን ይዞ ለሁለቱም ተጫውቷል። ጆኒ ራሷ ከቴይለር ጋር "ታፔስትሪ" ላይ ለአንድ ዘፈን ተቀባይ ሆናለች። ሁለቱም አልበሞች ዛሬ ድረስ ይሰማሉ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰሞን!

ካሮል ኪንግን ለመረዳት የድሮ ካሴቶቻችንን ሽፋን ማስታወስ ነው። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ዘፋኙ ቃሉን ከሌላ ሰው ተቀብሎ ነው የሚዘፍነው። ኪንግ ለብዙ ዓመት "ዜማ" በሚለው ቦታ ላይ ስሟ የሚጻፍ ሰው ነበረች። ግጥሙን ባሏ ጄሪ ጎፊን ይጽፋል፣ ዜማውን እሷ ታወጣለች፣ ሌሎች ይዘፍኑታል። አሬታ ፍራንክሊን ሳትቀር ከነሱ ወስዳ ዘፍናለች። ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ ፒያኖዋ ላይ ቁጭ ብላ ራሷ ዘፈነችው። "ታፔስትሪ" አሜሪካ ውስጥ 15 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አራት ግራሚ አገኘ። ስለ እሱ አንድ ቀን ለብቻው እጽፋለሁ።

"ብሉ" በአሜሪካ ገበያ ከ15ኛ ደረጃ አላለፈም። በ2020 "ሮሊንግ ስቶን" መጽሔት የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞችን ሲዘረዝር ግን 3ኛ ላይ አስቀመጠው። ግጥሙም ዜማውም የጆኒ ነው። ፕሮዲዩሰር እንኳ አልነበራትም። ከሳውንድ ኢንጂነሩ ከሄንሪ ሉዊ ጋር በር ዘግተው ነው የሠሩት። በሩን የዘጉት ወድደው አልነበረም። ሰው ሲያያት እንባዋ ይመጣ ነበር። በኋላ ስለዚያ ጊዜ ስትናገር፣ በሲጋራ ፓኮ ላይ እንደሚጠቀለለው ስስ ላስቲክ ነበርኩ ብላለች።

ከዘፋኙ ከግራሃም ናሽ ጋር የነበራት ፍቅር ፈርሶ ነበር። ሎስ አንጀለስ፣ ሎሬል ካንየን ኮረብታ ላይ አብረው ይኖሩ ነበር። በ1970 ሁሉን ትታ ወደ አውሮፓ ሄደች። ቀርጤስ ደሴት ላይ ማታላ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች፤ ወጣቶች ከባሕሩ አፋፍ ያለው ዋሻ ውስጥ ያድሩባት ነበር። ከዚያ ሆና ለናሽ ቴሌግራም ላከችለት። አሸዋን አጥብቀህ ከጨበጥከው በጣቶችህ መሃል ያመልጥሃል የሚል። ናሽ ነገሩ እንዳበቃ ያወቀው በዚያ ቴሌግራም ነው። "ኬሪ" የተባለው ዘፈን የመጣው ከማታላ ነው። "ካሊፎርኒያ" ደግሞ ፓሪስ መናፈሻ ውስጥ ጋዜጣ እያነበበች ቤቷ የሚናፍቃት ሴት ዘፈን ነው። ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ ያችን ወንበር ያውቃታል።

አልበሙን መጀመሪያ ከሰሙት ሰዎች አንዱ ዘፋኙ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ ደነገጠ። "ጆኒ፣ ኧረ ለራስሽም የሆነ ነገር አስቀሪ" አላት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስለ "ብሉ" የሚጻፈው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚደግመው። ራቁቱን የቆመ አልበም። ምንም ያልደበቀ አልበም። የኑዛዜ አልበም።

በአማርኛ ካሰብነው ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው። እኛ ዘንድ ይሄ በጣም ከባድ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ "ብሉ" ሰማያዊም ነው፣ ሐዘንም ነው። የኛ ሐዘን ግን ቀለም የለውም፤ ቦታው ሆድ ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል። የሚነገረውን ተናግረን የማይነገረው ላይ ስንደርስ "ሆድ ይፍጀው" እንላለን። ዘፈናችንም ቅኔያችንም ልቅሶአችንም ሰም ያለብሳል። ስለዚህ ጆኒን መጀመሪያ ስረዳት የገረመኝ ድፍረቷ ነበር። እኔ በስልክ ለእናቴ "ደህና ነኝ" ከማለት ውጪ ምንም በማልናገርበት ጊዜ፣ እሷ ለዓለም ሁሉ ሁሉን ተናግራለች ብዬ አሰብኩ።

የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። "ብሉ" ሁሉን አልተናገረም። ትልቁን ነገር በሰም ጠቅልሎ ሦስተኛው ዘፈን ላይ አስቀምጦታል።

ዘፈኑ "ሊትል ግሪን" ይባላል። አንድ ጊታርና ድምጿ ብቻ ነው። በማቆሚያው ዘመን ስለ ተክል ወይም ስለ ፀደይ የተዘፈነ ይመስለኝ ነበር። በረዶ አለበት። አበባ አለበት። የሰሜን ሰማይ ብርሃን አለበት። የልደት ልብስ አለበት። እንዲህ ያሰብኩት በእንግሊዝኛዬ ድክመት ብቻ አልነበረም። በ1971 "ሮሊንግ ስቶን" ላይ አልበሙን የገመገመው ጸሐፊ ይህን ዘፈን ለይቶ፣ ግጥሙ በምስጢር ስለተሸፈነ ከመረዳት በላይ ነው ብሎ ጽፎበታል።

ወርቁ እንዲህ ነው። በ1964 ጆኒ ካልጋሪ ውስጥ የሥዕል ተማሪ ነበረች። አረገዘች። የልጁ አባት ሄደ። ያኔ ካናዳ ውስጥ የወሊድ መከላከያ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ሕጉ የተሻሻለው በ1969 ነው። ሳታገባ የወለደች ሴት ቤተሰቧን እንዳዋረደች ነበር የምትቆጠረው። ለወላጆቿ ሳትናገር ቶሮንቶ ሄደች። በፌብሩዋሪ 1965 ሴት ልጅ ወለደች። ገንዘብ አልነበራትም። ሕፃኗን ለጊዜው የሚያሳድጉላት ሰዎች ዘንድ ሰጠች። በዚያው ዓመት አግብታ ዛሬ የምትጠራበትን "ሚቸል" የሚለውን ስም አገኘች። ልጅቷ ግን ወደ እሷ አልተመለሰችም። ለማደጎ ፈረመች።

ሕፃኗን ኬሊ ብላት ነበር። ኬሊ የሰው ስም ነው። ደግሞም የአረንጓዴ ዓይነት ነው፤ ዝናብ ያገኘ ሣር ያለው ደማቅ አረንጓዴ። "ግሪን" ስትል ስም እየጠራች ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ከአፌ የወጣው "ለምለም!" የሚል ቃል ነው። እኛ ዘንድ ስንት ለምለም አለች። ጎረቤታችንም ለምለም ነበረች። ለፈረንጆቹ ምስጢር የሆነባቸው ነገር እኛ ሴት ልጅ ስትወለድ በየቤቱ የምናደርገው ነው። ይህን ዘፈን "ትንሽ አረንጓዴ" ብሎ የሚተረጉም ሰው ይገድለዋል። ለምለሜ ነው የምትላት።

ይህን ይዛችሁ ቃላቱን እዩዋቸው። ክረምቱ እንዳያጠወልጋት ለምለም በሏት ትላለች። አባትየው ሙቀት ይሻላል ብሎ ካሊፎርኒያ እንደሄደ ትናገራለች። ወደ ቤት ስለምትልከው ውሸት ትናገራለች፤ እንደሰለቻት። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ እቆማለሁ። ስደት ላይ ያለ ሰው ወደ ቤት የሚልከውን ውሸት ያውቃል። ወረቀቱን ስለ መፈረም ትናገራለች። አዝናለሁ ትላለች፣ አላፍርም ትላለች። መጨረሻ ላይ መጨረሻሽን ያሳምረው ብላ ትመርቃታለች። እናት ከዚህ ሌላ ምን ትላለች?

አሁን ግን ልብ በሉ። ከላይ "ትናገራለች፣ ትላለች" ያልኩት እኔ ነኝ። ዘፈኑ ውስጥ "እኔ" የሚል ቃል የለም። በሌሎቹ ዘጠኝ ዘፈኖች ሁሉ "እኔ" አለ። እኔ እፈልጋለሁ፣ እኔ እናፍቃለሁ፣ እኔ አጠፋሁ። የመጀመሪያው ዘፈንማ በ"እኔ" የተጥለቀለቀ ነው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ያቺ ሁሉን ተናጋሪ ሴት ትጠፋለች። "አንቺ" ትላለች ራሷን። "ፈረምሽ" ትላለች። የሌላ ሰው ታሪክ አስመስላ ታልፋለች። ክሪስቶፈርሰን ለራስሽም አስቀሪ ሲላት አስቀርታ ነበር። እሱም እንደ ሐያሲው አላየውም።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት ሰፈሬ ባለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ በ2006። ለጓደኞቼ አወራሁላቸው። ገርሟቸው ሰሙኝ። እታለም ግን አንድም ጊዜ በሐሳቤ አልመጣችም።

እታለም በ2011 አረፈች። ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯ መሄድ አልቻልኩም። እናቴ በሳልስቱ ማግስት ደወለችልኝ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ምን አለ፤ ሁሉንም ነገረችኝ። ከዚያ ዝም አለች።

"አንድ ሰው ከሐይቅ መጥቶ ነበር" አለችኝ። "ጸጉሩ ሸብቷል። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እህል ውኃ አልል አለ።"

"ማን ነው?"

"ወንድምህ ነው። የእታለም ልጅ ነው።"

እታለም በልጅነቷ ነው የዳሯት። አንድ ወንድ ልጅ ወለደች። ትዳሩ አልሆነም። የባሏ ቤተሰቦች ልጁን ጡት እንደጣለ ወሰዱት፤ የዘራችን ነው አሉ። እሷ ወደ አዲስ አበባ መጣች። እናቴና ሟቿ አያቴ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት። አባቴ እንኳ የሰማው በዚያው ለቅሶ ላይ ነው።

"ማሽላው ማን መሰለህ?" አለችኝ እናቴ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግጥሟን ጮክ ብዬ አልኳት። ማሽላው እሸቱ። እሸት ማለት ገና ያልደረቀ፣ ለምለም እህል ነው። በሰው ማሳ አፍርቶ። ያሳደገው በላው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የመጨረሻው ነው። "የዘራው ተረስቶ" ነው ያለችው። "የዘራችው" አላለችም። አንዲት ፊደል እንኳ ሴት መሆኗን እንዳትናገርባት ራሷን ወንድ አድርጋ ነው ያንጎራጎረችው። ከልጅነቴ እስከ ጉልምስናዬ ጆሮዬ ሥር ልጇን ትጠራ ነበር። እኔ መሬት መስሎኝ ነበር።

ያን ሌሊት "ብሉ"ን አወጣሁት። ሁለቱን ዘፈኖች አልፌ በቀጥታ ሦስተኛው ላይ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ አሁን ለግጥም ይበቃል። የሰማሁት ግን በእታለም ድምፅ ነው።

ጆኒ በ1982 ባወጣችው ሌላ አልበም ላይ ሰሙን ከፈት አድርጋዋለች። ወልጄ ያላሳደግኳት ልጅ አለችኝ፣ ባይተዋር ሆናብኛለች የሚል ሐሳብ በግልጽ ዘፍናለች። ያኔም ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ታሪኩ ጋዜጣ ላይ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። እናትና ልጅ የተገናኙት በ1997፤ ልጅቷ 32 ዓመት ሞልቷት ነበር። በዚያው ዓመት የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ጆኒን ከታላላቆቹ ጋር መዘገባት። ሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኘችም።

በ2015 ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ፈነዳ። መራመድም መናገርም እንደ አዲስ ተማረች። ጊታር አያያዝን የራሷን የድሮ ቪዲዮዎች እያየች ነው መልሳ የለመደችው። በጁላይ 2022 ኒውፖርት በሚካሄደው የፎክ ፌስቲቫል ላይ ሳይታሰብ ብቅ አለች። 78 ዓመቷ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወጣት ሙዚቀኞች ከብበዋት ዘፈነች። ድምጿ ወፍሯል፣ ዝቅ ብሏል። "ኬሪ"ን ዘፈነች። "ኤ ኬዝ ኦፍ ዩ"ን ዘፈነች። ቪዲዮዎቹን እያሳደድኩ ሁሉንም አየሁ። ለምለምን አልዘፈነቻትም።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደውዬ የእታለምን ግጥም ልጽፋት እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና "ጻፋት፣ አሁን ማንን ትጎዳለች" አለችኝ። ቀጣይ ስንኝ እንደነበራት ጠየቅኳት። እኔ የማስታውሰው ሁለቱን ብቻ ነው።

"ነበራት እንጂ" አለች እናቴ። "እሱን ግን ሰው ሳይኖር ነበር የምትለው።"